ለጠመንጃ የተሰፋ ትራስ

ለምወድሽ እታለሜ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ እንቅልፍሽ የጠገበ፣ አክስታችንም ከወገብ ሕመሟ ያገገመች እንድትሆን ምኞቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ። አባዬም ደህና ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ብቻ ጉልበቱ ይንጫጫል፣ እሱ ግን የሚንጫጫው ደረጃው ነው ይላል። ድመቷም ደህና ናት። ወልዳ ነበር፤ ሦስቱን ሰው ወሰዳቸውና አንዱ ቀረ፣ የክር ሳጥን ውስጥ ነው የሚያድረው። እንግዲህ ሰላምታውን እዚህ ላይ ላብቃ። ሰላምታ የሚረዝመው ሰው ዋናውን ነገር ሲሸሽ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ለምን እንደማልደውልልሽ ታውቂያለሽ። የቤቱ ስልክ የሚኖረው አባዬ ደረት ኪስ ውስጥ ነው። ብጠይቀው «ለማን ነው?» ይለኛል፤ እኔም «ለማንም» እላለሁ፤ ለማንም ደግሞ አይደወልም። ይህንን ወረቀት የጨርቅ ነጋዴው ሹፌር ያደርስልሻል። ሳያነበው ካመጣልሽ ዕድለኛ ነኝ። አንብቦት ከሆነም እባክሽ ምንም እንዳላወቅሽ ሁኚ፤ እኔ በየሳምንቱ ፊቱን ማየት አለብኝ።

እታለም፣ የምጽፍልሽ ስለ ሁለት ውሸቶቼ ነው። አንዱን የዋሸሁት በቅርቡ ነው። ሌላው የቆየ ነው፤ እሱን መሀል አካባቢ ታገኚዋለሽ። ከፊት ላደርገው ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሱቃችን ጸጥ ብሏል። ዋናው መንገድ ላይ ተሠርተው ያለቁ ሶፋዎች የሚሸጥበት ትልቅ መደብር ተከፍቷል። ሰው ጠዋት ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ የራሱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይዘረጋል። አባዬ ጋ መጥቶ፣ አስለክቶ፣ ጨርቅ መርጦ፣ ሦስት ሳምንት የሚጠብቅ ጠፋ። በነዚህ ወራት የሠራነው የጎረቤታችንን የፀጉር አስተካካዩን የጋሽ ምላጭን ወንበር ብቻ ነው። እሱም አዝኖልን ነው እንጂ ወንበር በዓመት ሦስት ጊዜ ልብስ ስለሚቀየርለት አይደለም።

በዚህ መሀል የመደብሩ ባለቤት አባዬን ጠርቶ እንዲቀጠርለት ጠየቀው። ሥራው ጭነት ላይ የተቀደዱ ሶፋዎችን ጥግ ለጥግ እየዞሩ መጠጋገን ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንዲሰጥ ነገረው። አባዬ «አስብበታለሁ» አለ። አባዬ «አስብበታለሁ» ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ቤት መጥቶ መዶሻውን ዘይት ቀባው። መዶሻ ዘይት አይቀባም፣ እታለም።

የኢላማ ተኩስ ክበቡ አሰልጣኝ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። አጭር ሴት ናት፣ የወንድ ቡትስ ጫማ ታደርጋለች፣ ድምጿ ጎርናና ነው። በብብቷ አንድ የተቀዳደደ ቦርሳ ይዛ ገባች፤ ቦርሳው ከበሩ እስከ መቁረጫ ጠረጴዛው ድረስ አሸዋ አንጠባጠበ። አባዬ ቦርሳውን አላየውም። ወለሉን ነው ያየው።

«ጋሼ፣ ይሄንን የሚሰፋልኝ ሰው አጣሁ» አለች።

«ምንድን ነው?» አላት።

የጠመንጃ መደገፊያ ነው አለች። ተኳሹ መሬት ላይ በሆዱ ይተኛል፤ ትልቁ ቦርሳ ከፊት ከጠመንጃው ሥር ይገባል፣ ትንሹ ደግሞ ከኋላ ከሰደፉ ሥር። ጠመንጃው ክንድ ላይ ሳይሆን ቦርሳው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ክንድ ይደክማል፣ ቦርሳ አይደክምም። ትንሹን በግራ እጇ ጨመቅ ለቀቅ እያደረገች አሳየችን። ጨመቅ ሲያደርጉት ሰደፉ የፀጉር ያህል ከፍ ይልና አፈሙዙ ዝቅ ይላል፤ ለቀቅ ሲያደርጉት ይመለሳል። ኢላማ የሚገኘው በዚያች ፀጉር ነው አለች። የምትፈልገው አሥራ ሁለት ጥንድ ነው፤ ለክበቡ ውድድር እንዲደርስላት። ካማራት የሌሎች ከተማ ክበቦችንም ወደኛ ትልካለች።

አባዬ ዐይኑ በራ። «ውስጡ ምን ይሆናል?» አላት።

«አሸዋ።»

«አሸዋ!» አለ፣ ሰው ሞተ እንደተባለ። «እሜቴ፣ አሸዋ የግንበኛ ነው። እኔ ቤት አሸዋ በጫማ ካልሆነ አይገባም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰው መቀመጫ ሥር ጠንካራ ነገር ሳወጣ ነው የኖርኩት።»

«ይሄኮ መቀመጫ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ያርፍበታል አላልሽም? የሚያርፍ ነገር ሁሉ ምቾት ይፈልጋል። ክብደቱ ስንት ነው? ጎኑ ነው የሚነካው ወይስ ሆዱ?»

ደንበኛ ሲለካ የሚጠይቀውን ነው የጠየቃት፣ እታለም። «ወገቡንስ ያመዋል?» ሊላት ምንም አልቀረውም።

ናሙናውን በሦስት ቀን ሠራው። ጥቁር ሰማያዊ ሸራ፣ ዙሪያውን ቀይ ጠርዝ፣ መሀሉ ላይ ሰርጎድ ያለ ቁልፍ፣ ውስጡ ደግሞ ለክቡር እንግዳ ሶፋ ብቻ የሚያወጣው ድርብርብ ስፖንጅ። በአራቱም ጥግ ዘርፍ ሊያንጠለጥልበት ነበር፤ ዘርፉ ጠመንጃው ላይ ይጠመጠማል ብዬ አስጣልኩት። ደፋር ሆንሽ እንዳትዪኝ፤ ይህን የተናገርኩት ለድመቷ ነው። አባዬ አጠገቧ ስለነበረ ሰማ።

አሰልጣኟ ናሙናውን በአንድ ጣቷ ጫን አደረገችው። ገባ፣ ተመለሰ። ደግማ ጫነችው፣ ደግሞ ተመለሰ። «ያምራል። ሰው ይተኛበታል» አለች። አባዬ እጅ ነሥቶ አመሰገናት። እሷም «እንግዲህ የሠራው ሰው ራሱ ተኝቶ ይተኩስበትና እንየው። ሐሙስ ሜዳ ኑ» ብላ ሄደች።

ሜዳው ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ነው። ወዲያ ማዶ አፈር እንደ ግንብ ተቆልሏል፣ ከፊቱ የወረቀት ኢላማዎች ተሰቅለዋል። ስምንት ሰዎች ነበሩ። ተኳሽ ሁሉ ሪዛም ይመስለኝ ነበር፤ አንደኛዋ የጥርስ ሐኪም ሆና አገኘኋት፣ አንደኛው የሂሳብ አስተማሪ። አባዬ የክት ሱሪውን ለብሷል። አሰልጣኟ «ይተኙ፣ ጋሼ» ስትለው መሬቱን አየ፣ ሱሪውን አየ፣ የጥርስ ሐኪሟን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «ልጄ ትሞክረው። የሷ እጅ ከኔ ይረጋል» አለ።

የኔ እጅ! ሰው ካየኝ ሻይ ሳላፈስ መያዝ የማልችለው ሴትዮ እጅ!

መሬቱ ላይ በሆዴ ተኛሁ። አሰልጣኟ ጆሮዬን በትልቅ መሸፈኛ ደፈነችልኝ፣ አያያዙን አሳየችኝ፣ ጉንጬን እንጨቱ ላይ አስደገፈችኝ። ያኔ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ሰው ሁሉ ጠፋ። ድምፅ የለ፣ ዐይን የለ፤ የቀረው አንድ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀት ደግሞ መልሶ አያይም። እታለም፣ በሰው መሀል ሆኜ እንደዚያ ተንፍሼ አላውቅም።

ችግሩ ጠመንጃውም ይተነፍስ ነበር። አየር ስስብ ይነሳል፣ ሳስወጣ ይሰምጣል፣ ልቤ ሲመታ አብሮ ይመታል። ያው የአባዬ ስፖንጅ ነው፤ የተጫነውን ሁሉ መልሶ ብድግ ያደርጋል፣ የሚመሰገነውም በዚሁ ነው። ትንሹን ቦርሳ ጨመቅሁት። እጄ ውስጥ ገብቶ ጠፋ እንጂ ሰደፉ ንቅንቅ አላለም። የመጀመሪያው ጥይት አፈሩን መታ። ሁለተኛው የት እንደገባ አልታወቀም ነበር፤ በኋላ ሲታይ አጠገቤ በተኛው በሂሳብ አስተማሪው ወረቀት ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ ተገኘ። ሰውዬው አምስት ተኩሶ ስድስት ቀዳዳ አገኘ። የሂሳብ አስተማሪ ሆኖ ስድስቱም የኔ ናቸው አለ።

ተነሣሁ። አሰልጣኟ «እህ፣ ቦርሳው እንዴት ነው?» አለችኝ።

ስምንቱም ዞሩ። አባዬም ዞረ። ፊቱን ብታዪው! ልጅ ከእንግዳ እጅ ከረሜላ እንደሚጠብቅ ነበር የሚጠብቀኝ። «ለስላሳ ነው፣ ይነጥራል» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ቆሟል። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ምቹ ነው» አልኩ።

ዐይኗን አጠበበች። «ታዲያ ጥይቱ ምን ሆኖ እንዲህ ሄደ? ከእጅሽ ነው ወይስ ከቦርሳው?»

«ከእጄ ነው።»

አባዬም «መጀመሪያዋ ነው፣ እጇ ይንቀጠቀጣል» አለ። ከአሥር ደቂቃ በፊት የረጋ ነው ያለውን እጅ።

አሰልጣኟ ወደ አባዬ ዞራ «እርስዎ ካመኑበት ይሁን፣ ጋሼ። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለቱን ጥንድ ይዘው ይምጡ፤ ውድድሩ ያን ቀን ነው። ካልሆነልን ግን እዚያው ጭነው ይመልሷቸዋል፣ ቅር እንዳንባባል» አለች።

አባዬ በሚቀጥለው ቀን ሲያፏጭ ነቃ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ያፏጫል፣ ሲቆርጥ ያፏጫል፣ ጋሽ ምላጭ ከበር ብቅ ሲል «ጎረቤት፣ ከእንግዲህ የምሠራው ለጦር መሣሪያ ነው፤ ያንተን ወንበር ወረፋ አስይዝ» ይለዋል። እኔ ደግሞ ስፖንጅ እሞላለሁ። አንዱን ስሞላ አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛውን ስሞላ ሁለተኛ ጊዜ የዋሸሁ ይመስለኝ ነበር።

ልነግረው አልሞከርኩም እንዳትዪ። መጀመሪያ በወረቀት ጽፌ ኮፍያው ውስጥ ጨመርኩለት። ሳያነበው አራት አጥፎ የሚነቃነቀውን የጠረጴዛ እግር ደገፈበት፤ ጠረጴዛው ረጋ፣ እኔ አልረጋሁም። ሌላ ቀን መኪናው ሲጮህ ከጀርባው ቆሜ «አባዬ፣ ስፖንጁ አይሆንም» አልኩ። ድንገት መኪናውን አቁሞ «እ?» አለኝ። «ክር አለቀ» አልኩት። አንድ ሙሉ ጥቅል ክር ዐይኑ ሥር ተቀምጧል። ወደ ክሩ አየ፣ ወደኔ አየ፣ ግንባሬን ዳሰሰኝ፤ ትኩሳት ያለብኝ መስሎት ነው።

አሁን መሀሉ ላይ ደርሰናል፣ እታለም።

ያቺን ቀን አንቺም አልረሳሻትም። የባለ ሆቴሉ አማት አዲሱ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲሰምጡ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ እጃቸውን ይዞ ሲጎትታቸው፣ አንቺ በደንበኛው ፊት «አባዬ፣ ልስላሴው በዛ ብዬህ ነበር» ያልሽው ቀን። እሱ ጮኸ፣ አንቺም ጮህሽ፤ «የሚያርመኝ ልጅ አልወለድኩም» አለሽ፣ አንቺም ልብስሽን ልትሸክፊ ወደ ጓዳ ገባሽ። እስከዚህ ታውቂያለሽ። ቀጥሎ የሆነውን ግን አላየሽም። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የቁልፍ ጣሳ ታቅፌ ቆሜ ነበር። አባዬ መጋረጃውን ገለጠና «አንቺስ ምን ትያለሽ? እውነቷን ነው?» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። የሚቆጣ ድምፅ አልነበረም፤ መልስ የሚፈልግ ድምፅ ነበር።

እኔ «አይ፣ ምቹ ነው» አልኩት።

አዎ ብል ኖሮ ትቀሪ ነበር ልል አይደለም፤ እሱን አላውቅም። ግን ሁለት ሆነን እንነግረው የነበረውን ነገር ብቻሽን የተናገርሽው አስመሰልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻሽን ጥፋተኛ አድርጌሻለሁ። ይቅር በይኝ። ይህን በስልክ ብለው ኖሮ መሀል ላይ ክር አለቀ እልሽ ነበር።

እና በዚያ ሳምንት ሒሳቤ ይህ ነበር። ከእማዬ በኋላ ሦስት ነበርን፤ አንቺ ስትሄጂ ሁለት ሆንን፤ እውነቱን ከነገርኩት ደግሞ አንድ አንድ እንሆናለን። ዝም ካልኩ ግን ቅዳሜ አሥራ ሁለት ጥንድ ትራስ በሰው ፊት በጋሪ ጭኖ ሲመለስ አየዋለሁ፤ ሰኞ ደግሞ መደብሩ ጥግ ተንበርክኮ የሰው ሶፋ ሲጠግን። ሁለቱን ሳመዛዝን አንድ ነገር ገባኝ። አፌ እምቢ ቢልም እጄ እሺ ይላል።

ወዲያ ማዶ ቤት ከሚሠሩት ግንበኞች አሸዋ ለመንኩ። ለመንኩ ስልሽ ባልዲ ይዤ ቆምኩ፣ እነሱ ተረዱኝ። ነፋሁት፣ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። አባዬ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ለድመቷ መፀዳጃ ነው» አልኩት። «ያን ያህል?» አለና ድመቷን በአክብሮት አያት። ሁለት ውሸት ብዬሻለሁ፤ ይሄኛው አይቆጠርም። ከዚያ አሸዋው በስፌቱ እንዳያፈተልክ ጥቅጥቅ ካለ ጨርቅ የውስጥ ከረጢቶችን ሰፋሁ፤ አንቺ የትራስ ውስጥ ልብስ ስትሰፊ እንዳሳየሽኝ፣ ስፌቱን ሁለት ጊዜ እየደረብኩ።

ዓርብ ዕለት ምሳ ሰዓት አባዬ ለነገው ሊላጭ ጋሽ ምላጭ ጋ ሄደ። እዚያ መላጨት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አሥር ደቂቃው ምላጭ ነው፣ ሌላው ወሬ። ቦርሳዎቹን መተርተር ጀመርኩ። ስፖንጁን አወጣለሁ፣ ከረጢቱን እከታለሁ፣ አፉን በቆረጥኩት የፕላስቲክ ጠርሙስ አሸዋውን አፈሳለሁ። ሞልቶ እንዳይወጠር፣ ጎድሎም እንዳይልፈሰፈስ፣ ጡጫ ሲያርፍበት የጡጫው ቅርጽ እንዲቀር ብቻ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ።

አባዬ ነው። አንዱ ጉንጩ ተላጭቷል፣ ሌላው ሳሙና በሳሙና ነው። ለካ ሲላጭ የጋሽ ምላጭ ወንበር ሲጥ ሲጥ ሲል ሰምቶ፣ የራሱ ሥራ ሲጮህ አላስችል ብሎት መዶሻ ሊወስድ መጥቷል። ከኋላው ጋሽ ምላጭ ምላጩን እንደያዘ ተከትሎታል።

አባዬ ጠረጴዛውን አየ። አሸዋውን አየ። ጥግ ላይ የተከመረውን ስፖንጅ አየ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

ድመቷ የለችም። ለሷ እንደምናገር ማስመሰል አልቻልኩም።

«ለስላሳ ነው፣ አባዬ» አልኩት። «ቦርሳው ለስላሳ ነው። ጠመንጃው ይነጥራል። ነገ ይመልሱታል።»

በቀስታ «እሷ ናት የጻፈችልሽ?» አለኝ፤ አንቺን ማለቱ ነው።

«አይደለችም። እኔ ነኝ።»

«ባለፈው ሐሙስ ሜዳ ላይ ምቹ ነው አላልሽም?»

«ዋሸሁ።»

ሳሙናው ከአገጩ ላይ ጠብ አለ። «ያኔስ?» አለኝ።

የትኛው ያኔ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም። «ያኔም» አልኩት።

ጋሽ ምላጭ ምንም ያልገባው ሰው ነውና «ጎረቤት፣ ሳሙናው ሳይደርቅ ብንጨርስ?» አለ።

አባዬ አልሰማውም። መጥረጊያውን አነሣ። ሊመታኝ መስሎኝ ዐይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጠው ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ በሆዱ ተኝቷል! የመጥረጊያውን እጀታ ስፖንጅ ባለው ቦርሳ ላይ አስደግፎ እንደ ጠመንጃ ይዞታል። «ጎረቤት፣ እዚያ በር ላይ ቁም» አለ። «ጫፉ የት የት እንደሚል ንገረኝ። ይህቺ ልጅ ዛሬ ወይ ታፍራለች ወይ አፍራለሁ።»

«ምን አደረግሁህ፣ ወንድሜ?» አለ ጋሽ ምላጭ፣ ምላጩን ደረቱ ላይ አስጠግቶ።

«ቁም አልኩህ!»

ቆመ። አባዬ ተነፈሰ። «ግንባሬን» አለ ጋሽ ምላጭ። «አሁን አፍንጫዬን። አሁን ወረደ፣ ሆዴን። ኧረ ጎረቤት፣ ጉልበቴን! የምትተኩስ ከሆነ አንዱን ምረጥ!»

አሸዋ የሞላሁትን አቀበልኩት። ስፖንጁን ገፍቶ ጣለና እጀታውን እሱ ላይ አሳረፈው። አሸዋው ሻ ብሎ ተደላደለ። አባዬ ተነፈሰ፣ ደግሞም ተነፈሰ።

«ግንባሬን» አለ ጋሽ ምላጭ። ቆየና «አሁንም ግንባሬን» አለ። እንደገና ቆየና ድምፁ ቀጥኖ «ጎረቤት፣ ከግንባሬ ላይ አንሣልኝ፣ በናትህ» አለ።

አባዬ እንደተኛ ቀረ። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ሸሚዙ ላይ አሸዋ ነበረበት። ልብሴን በየትኛው ሻንጣ እንደምይዝ ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሻንጣ አንድ ነበር፣ እሱም አንቺ ጋ ነው።

ከዚያ ቀና ሳይል «ወንፊቱን አምጪ» አለኝ።

ሦስታችንም ሠራን። አባዬ ይሰፋል፣ እኔ እሞላለሁ፣ ጋሽ ምላጭ በነጭ ሽርጡ አሸዋ እየነፋ «ሠላሳ ዓመት ፀጉር ቆርጬ መጨረሻዬ ግንበኛ ሆነ» እያለ ያማርራል። ጀምበር ሳትጠልቅ አሥራ ሁለቱም ጥንድ አለቁ። ቀዩን ጠርዝ አልነካነውም፤ ቁልፉን ግን አባዬ በራሱ እጅ ቆርጦ አወጣው፤ «እንጨቱን ይወጋዋል» አለ። ጢሙን ሁላችንም ረሳነው። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ የደረሰው በግማሽ ፊት ነው።

አሰልጣኟ ፊቱን አይታ ቦርሳውን በጡጫ መታችው፤ ድብ አለ፣ የጡጫዋ ቅርጽ ቀረ። «አሸዋ ነው?» አለች።

«አሸዋ ነው» አለ አባዬ። «እኔ ተሳስቼ ነበር።»

ደግሜ ልጻፍልሽ፤ ስጽፈው እጄ ራሱ አላመነኝም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እኔ ተሳስቼ ነበር» አለ። ጨምሮም «ልጆቼ ነግረውኝ ነበር» አለ። ልጆቼ ነው ያለው፣ ልጄ አይደለም። አሰልጣኟ ሌላ ልጅ ፍለጋ ዞር ዞር አለች። የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቀጥሎ ያደረገውን ብነግርሽ አታምኚኝም፤ የክት ሱሪውን እንደለበሰ መሬት ላይ በሆዱ ተዘረጋ። ሦስት ተኩሶ ሁለቱን ወረቀቱ ላይ አገኘ፣ ሲነሣ ጉልበቱ ተንጫጫ፣ ደረጃ ግን በአካባቢው አልነበረም። አሰልጣኟ ቦርሳዎቹን ሁሉ ተቀበለች። ቅር ያለው የሂሳብ አስተማሪው ብቻ ነው፤ አምስት ተኩሶ አምስት ብቻ አገኘ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አባዬ መደብሩ ጋ ጎራ ብሎ «አስቤበት ነበር፣ አይሆንልኝም» ብሎ ተመለሰ። አሁን የሁለት ከተማ ክበቦች ሥራ አዝዘውናል። እኔም ማክሰኞ ማክሰኞ ሜዳ እሄዳለሁ። አሰልጣኟ አታናግረኝም፣ ጆሮዬን ትሸፍንልኛለች፣ እተኛለሁ፤ ስነሣ የሆነውን እንዳለ እነግራታለሁ። ሰው ፊት መናገር አሁንም ላብ በላብ ያደርገኛል፤ ግን ቃሉ የተሰለፈውን ያህል ይወጣል።

ትናንት ምሳ ላይ አባዬ ወደኔ ሳያይ «ለሰው ደብዳቤ ትጽፊያለሽ?» አለኝ።

«ለማን?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ። የምትጽፊ ከሆነ ግን፣ አውቶቡሱ አሁንም ጠዋት ጠዋት ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ። እኔ ጠየቅሁ እንዳትይ።»

«እሺ» አልኩት።

ትንሽ ጎረሰና «ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ከሰዓት ሥራ ስለሚበዛ መናኸሪያ ድረስ መሄድ አይመቸኝም» አለ። ከዚያ ደንግጦ «ለማንም እንግዳ ማለቴ ነው» አለ።

ስለዚህ እታለም፣ ይህ ጥያቄ የኔ ነው። አውቶቡሱ አሁንም ጠዋት ጠዋት ነው ወይ?

እጅሽ አይዛል፣ ደጅሽ ክፉ አይይ፣ የምትረግጪው ሁሉ ይርጋልሽ። የአክስታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። እማዬ ብትኖር ኖሮ የምትመርቅሽን ምርቃት ሁሉ እኔ በልቤ መርቄሻለሁ፤ ሁሉንም ልጽፈው ወረቀቱ አለቀ።

መልሱን ለኔ ጻፊው። ግን ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርጊው፤ መነጽሩን ማድረግ አይወድም።

ታናሽ እህትሽ